መልሶ መረከቢያ የሌለው ቅጽ

በመሥሪያ ቤታችን የርክክብ ቅጽ ግርጌ ሦስት የፊርማ ቦታ ነበር፤ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ታዛቢ። የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ በአስረካቢው ቦታ ስፈርም ስምንተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ወንበሩን ከጠረጴዛው አርቄ ወደ ጎን ዞር ካላልኩ እጄ ወረቀቱ ላይ አይደርስም። ዝርዝሩ ረጅም ነው፦ 14 ቦክስ ፋይል፣ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ፣ የብረት ካቢኔት ቁልፍ፣ ግማሹ ያለቀ የቼክ ጥራዝ፣ ካልኩሌተር አንድ። ከላይ “የርክክቡ ምክንያት” ይልና አራት ሣጥን ይሰጣል፤ ዝውውር፣ ስንብት፣ ጡረታ፣ ሌላ። “ሌላ” የሚለው ላይ ራይት አድርጌ ፈረምኩ።

ያ ወረቀት ምን እንደጎደለው የገባኝ ወልጄ ስመለስ ነው። አስረካቢው መልሶ የሚረከብበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ቅጹ የተሠራው ለሚሄድ ሰው ነው፤ ለተዛወረ፣ ለለቀቀ፣ ለጡረተኛ። አራት ወር ቆይቶ የሚመጣ ሰው መኖሩን አያውቅም።

የወሊድ ፈቃድ ልትወጣ የተቃረበች ሴት ገና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሳለች እንደሌለች መቆጠር ትጀምራለች። ይህን ስትናገር ብዙ ጊዜ የምታገኘው መልስ “የእርግዝና ነገር ነው፣ ሆድ ይብሳታል” የሚል ነው። ሆድ መባሱ እውነት ነው። ነገር ግን ከሆድ በፊት የሚመጣ የአሠራር ጉዳይ አለ፤ ቢሮዎቻችን ማስረከብን እንጂ ማቆየትን አልተማሩም።

ሕጋችን በዚህ በኩል እምብዛም የሚታማ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ይሰጣል፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/96 የኋለኛው 60 ቀን ብቻ ነበር። ነፍሰ ጡር ለምርመራ ሐኪም ቤት የምትሄድበት ሰዓት ከደመወዟ አይቆረጥም። በሕጉ ከተዘረዘሩ ጥቂት ምክንያቶች በቀር፣ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ አሠሪዋ ውሏን ማቋረጥ አይችልም።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። እናት ሦስት ወሯን ጨርሳ ትመለሳለች፤ ከለላው በአራተኛው ወር ያበቃል። ከተመለሰች በኋላ የሚተርፋት ቢበዛ አንድ ወር ነው። ያውም ከለላው ከመባረር ነው። ከስብሰባ ስለመቅረት፣ ከቴሌግራም ግሩፕ ውጭ ስለመሆን፣ ስምሽ ካለበት ሰነድ ላይ ስምሽ ስለመውጣቱ አዋጁ ምንም አይልም። ሰው ሳይባረር መሳሳት ይችላል።

እኔ መሳሳት የጀመርኩት በደግነት ነው። የሒሳብ ዓመታችን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሚያዝያና ግንቦት የቀጣዩ ዓመት በጀት የሚቦካበት ጊዜ ነው። ያን በጀት ሦስት ዓመት በተከታታይ ያቦካሁት እኔ ነበርኩ። አንድ ማክሰኞ ከምሳ ስመለስ የስብሰባ ክፍሉ በር ተዘግቷል። በመስታወቱ ሳይ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ የእኔው ኤክሴል ግድግዳው ላይ በርቷል፤ እንዳይረሳ ብዬ ቢጫ ያቀለምኩት ረድፍ ሳይቀር ይታየኛል። ሲወጡ አለቃዬ ፈገግ ብሎ “እንዳትደክሚ ብለን ነው እህቴ፣ ደረጃውም ይከብድሻል” አለኝ። ስብሰባው የተካሄደው እኔ በምሠራበት ፎቅ ላይ ነው።

እንዲህ ላለ ነገር ምን መልስ አለው? የሚጮህብሽ ሰው ቢሆን ትጮኺበታለሽ። ወንበር ስቦልሽ፣ ውኃ ቀድቶልሽ፣ “አረፍ በይ” እያለ ገለል የሚያደርግሽን ሰው ግን እያመሰገንሽው ገለል ትያለሽ። “ለምን አዘናችሁልኝ” ተብሎ አቤቱታ አይጻፍም። ቢጻፍስ ማን ተቀብሎ መዝገብ ይከፍትለታል? ይሉኝታ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ነው፤ እነሱ ሊነግሩኝ ያፍራሉ፣ እኔ ልጠይቃቸው አፍራለሁ፣ በመሐል በጀቱ ያልቃል።

ተተኪዬ ጨዋ ልጅ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎኔ ተቀምጦ የምለውን ሁሉ ሲጽፍ፣ አንዳንዴም የማልለውን ሲጽፍ ከረመ። “በጀት ሁለተኛ ዙር” የሚል ግሩፕ መከፈቱን ያወቅሁት ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠው ስልኩ አላቋርጥ ብሎ ሲንጫጫ ነው። ከግዥ ክፍል የምትመጣ ባልደረባችን ነበረች፤ ለሦስት ዓመት ጥያቄዋን ይዛ የምትመጣው ወደ እኔ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ግን ፊቷን ወደ ልጁ አዙራ ትጠይቃለች፤ ልጁ ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔ እመልሳለሁ፤ እሷ ልጁን አመስግና ትወጣለች። ክፋት እንዳልነበረባት እርግጠኛ ነኝ። በየጠዋቱ “ማርያም በሽልም ታውጣሽ” ሳትለኝ አታልፍም ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን በገዛ እጄ የጻፍኩት ደብዳቤ ነው። ቼክ ላይ ከሚፈርሙት ሁለት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ፈቃድ ስወጣ ባንኩ ሌላ ፊርማ እንዲያውቅ ደብዳቤ መላክ አለበት። ለባንክ የሚሄዱ ደብዳቤዎችን የማረቅቀው እኔ ስለሆንኩ ይህንንም አረቀቅሁ። በፋይሉ ውስጥ የነበረውን የድሮ ናሙና አውጥቼ ስሙንና ቀኑን ቀየርኩ። ናሙናው “ከዚህ ደብዳቤ ቀን ጀምሮ ፊርማቸው ተሰርዞ በምትኩ” ይላል። የገዛ ስሜን “ተሰርዞ” ከሚለው ቃል ፊት ተይቤ፣ አሳትሜ፣ ማኅተም አስደርጌ ላክሁ። “ለጊዜው ታግዶ” ወይም “እስከዚህ ቀን ድረስ ተወክሎ” ብዬ ልጽፍ እችል ነበር፤ የሚከለክለኝ አልነበረም። ናሙናው ስላልነበረ ብቻ አላሰብኩትም። አሠራር ማለት እንዲህ ነው፤ የሚጎዳው ሰው ራሱ ተይቦ ይልከዋል።

እዚህ ላይ ቃሉን ራሱን ማየት ደስ ይላል። በግእዝ “ረከበ” ማለት አገኘ ማለት ነው። “ርክክብ” ደግሞ እንደ “ልውውጥ” የሁለት ወገን ቃል ነው፤ መደጋገሙ ሰጥቶ መቀበልን፣ ደርሶ መመለስን ያመለክታል። ቢሮው ቃሉን ይዞ ግማሹን ሥራ ብቻ ይሠራል።

ቤት ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም። አራስ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ገንፎ ያገነፋል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ትልልቆቹን ልጆች አጥቦ ትምህርት ቤት ይልካል። የሴትየዋ ጓዳ በሌላ ሰው እጅ ለሳምንታት ይሠራል። እናቴ ጎረቤቶቿን ስታርስ አያለሁ፤ ጋግራ ስትጨርስ ምጣዱን አሰስ አድርጋ፣ ሰፌዱን ከተሰቀለበት ምስማር ላይ መልሳ ትሰቅለዋለች። ሌላ ምስማር አትመታም። “ለእኔ የሚመቸኝ እዚህ ነው” ብላ ማሰሮ አታዛውርም። አራሷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ስትገባ እጇን ስትዘረጋ ጨው የነበረበት ቦታ ጨው አለ። ዕቁብም ያው ነው፤ ሴት ወለደች ተብሎ ዕጣዋ አይዘለልም። ዕቁብተኛዋ አራስ ብትሆን ጓደኛዋ ይዛላት ትመጣለች፤ ዳኛው ስሟን ይጠራል፤ “አለች” ይባላል። አንድ ተራ ደብተርና አንድ ጣሳ ዕጣ ያለው ማኅበር ይህን ከቻለ፣ የሰው ሀብት ክፍልና ሰርቨር ያለው ድርጅት የሚያቅተው ለምንድን ነው?

አውቃለሁ፣ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ጓዳው ሌላ እመቤት አይሻም፤ የቢሮ ወንበር ግን ፈላጊው ብዙ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የገንዘብ ነገር አለ። የአሠሪዎችን ወገን ሳያዩ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በእኛ ሥርዓት የወሊድ ፈቃዱን ደመወዝ የሚከፍለው ያው አሠሪው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይሰበስባል፤ የሚሸፍነው እርጅናን፣ የአካል ጉዳትን፣ በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋንና የሟች ተተኪዎችን ነው። ወሊድ የለበትም። ስድስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት አንዷ ስትወልድ የአራት ወር ደመወዝ ለእሷ፣ የአራት ወር ደመወዝ ለተተኪዋ ይከፍላል። ባለቤቱ ይህን ሲያሰላ ፊቱ ቢጠቁር አልፈርድበትም። ሁለት ሰው የሚከፈልበት ወንበር ላይ አንዱን ማስቀረት ሲያምረው ግን እፈርድበታለሁ።

ሌላ መንገድ አለ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ሠራተኛውም አሠሪውም ከደመወዝ 0.3 በመቶ እያዋጡ የወሊድ ፈንድ አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት አሠሪው ይከፍላል፤ የቀረውን ፈንዱ ይተካለታል። ከአንድ ሺህ ብር ላይ ሦስት ብር እንደማለት ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ወሊድ የመጀመሪያውን ስምምነት ያወጣው በተቋቋመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ደግሞ ክፍያው ከማኅበራዊ ዋስትና ወይም ከሕዝብ ገንዘብ እንዲመጣ ያሳስባል፤ ምክንያቱንም አይደብቅም፤ ወጪው በአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ሴቶችን ከመቅጠር ያሸሻል። እናቲቱ ስትመለስ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ወይም በተመሳሳይ ደመወዝ ወደ እኩያው ቦታ የመመለስ መብት እንዲኖራትም ይጠይቃል። ከአዋጃችን አንቀጽ 87 እና 88 ጋር ጎን ለጎን ላነበባቸው፣ የእኛዎቹ ውሉን ይጠብቃሉ፤ ስለ ወንበሩ ግን አያነሡም።

ይህን ስል አዋጁ መተካትን አያውቅም ማለቴ አይደለም። በአንቀጽ 10 ሥራው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ሊሆን የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፣ በፈቃድ ወይም በሕመም ምክንያት ለጊዜው የሌለን ሠራተኛ መተካት አንዱ ነው። ሕግ አውጪው “ለጊዜው” የሚለውን ቃል ጽፎታል። ቅጽ አውጪው ነው የረሳው።

ተመራማሪዎች የእናትነትን ዋጋ በቁጥር ሲያስቀምጡ ኖረዋል። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ሼሊ ኮረልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በብቃት እኩል የሆኑ የፈጠራ የሥራ ማመልከቻዎችን ለገምጋሚዎች ሰጡ። እናት መሆኗ ለተጠቀሰው አመልካች የታሰበው መነሻ የዓመት ደመወዝ ልጅ ከሌላት ሴት 11,000 ዶላር ያህል ያነሰ ሆነ፤ አባት መሆኑ የተጠቀሰው ወንድ ግን አልተጎዳም። እ.ኤ.አ. በ2023 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን የተሸለመችው ክላውዲያ ጎልዲንም፣ ዛሬ በአንድ ሙያ ውስጥ ባሉ ወንድና ሴት መካከል ያለው የገቢ ልዩነት በአብዛኛው የሚከፈተው የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ እንደሆነ አሳይታለች። እኔ በግሌ ስንጥቁ ከምጡም ትንሽ ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ሁለቱ የርክክብ ሳምንታት ውስጥ ነው የሚጀምረው። ደመወዝ ገና አልተነካም፤ ማን ይጠየቅ የሚለው ግን ተቀይሯል።

ሴቶቹም ንጹሕ አይደለንም፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። አንዳንዷ ገለል መደረጓ ሲሰማት ዕውቀቷን መያዣ ታደርጋለች። እኔ ራሴ ለልጁ ባስረከብኩት ደብተር ውስጥ ሁለት ነገር ሆን ብዬ ዘልያለሁ፤ የአንድ ፋይል ፓስወርድና የአንድ አስቸጋሪ አቅራቢ አያያዝ። “ይፈልጉኝ” ብዬ ነው። ፈለጉኝ። በወለድኩ በአራተኛው ቀን፣ ጡቴ አግቶ፣ ሕፃኑ አልጠባ ብሎ፣ እኔም እንቅልፍ አጥቼ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እናቴ አንሥታ “አራስ ናት ልጄ፣ ስልክ አትይዝም፣ ሂሳቡን ማርያም ትዝጋላችሁ” ብላ ዘጋችው። በማግስቱ ራሴ አነሣሁና ፓስወርዱን ነገርኳቸው፤ ስለ በጀቱ ግን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ለፋይል የምፈለግ፣ ለውሳኔ የማልፈለግ ሆንኩ። ያዝኩት ያልኩት መያዣ ማንንም አልያዘም። እኔኑ ነው ከአራስ አልጋ ላይ ያስነሣኝ።

የሥራ አፈጻጸም ምዘናው የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። አሥር ወር ከግማሽ ሠርቼ አንድ ወር ተኩል ስላልነበርኩ፣ እንደ ወትሮው ከፍ ያለ ነጥብ መስጠት “ለሌሎቹ ፍትሐዊ አይሆንም” ተባለና መካከለኛ ተሞላልኝ። ጭማሪውም እንደ ነጥቡ ሆነ። የምሞግትበት አቅም አልነበረኝም፤ ፎርሙ የደረሰኝ በቴሌግራም፣ በፎቶ ነው፤ ግማሹ ጥላ አርፎበት ነበር።

መስቀል ሳይገባ ተመለስኩ። ወንበሬ አለ፣ ጠረጴዛዬም አለ፤ የስልኬ ቁጥር ግን ወደ ልጁ ጠረጴዛ ሄዷል። “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብለው ኬክ ቆረሱልኝ፤ ከልባቸው ነበር። የባንክ ፊርማዬን ስጠይቅ “ልጁ ለምዶታል፣ ትንሽ ይቆይ፣ አንቺም ሕፃን አለብሽ” ተባልኩ። ፊርማዬን ለመሰረዝ አንድ ደብዳቤና አንድ ከሰዓት በኋላ በቅቶ ነበር። ለመመለስ ሰባት ሳምንት ፈጀ። በጀቱ ወደ እኔ አልተመለሰም። ማንም ወሰደብኝ ልል አልችልም፤ ማንም አልወሰደውም። ሄዶ ነው የቀረው፤ የሚመለስበት ቀን ስላልተጻፈለት።

በሌሎች አገሮች ይህን ለመድፈን የተሞከሩ ትንንሽ ዘዴዎች አሉ። በእንግሊዝ አንዲት እናት ፈቃዷን ሳታቋርጥ እስከ 10 ቀን ድረስ፣ ከፈለገችና ከተስማሙ፣ መጥታ መሥራት ትችላለች፤ ከሥራው ጋር እንዳትቆራረጥ ነው። አራስ ለሥራ እንድትጠራ ለማይፈልገው የእኛ ባህል ይከብድ ይሆናል፤ የእናቴ መልስም ያው ይሆናል። እኔ የምፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው። ውክልናው ማብቂያ ቀን ይኑረው። የባንክ ደብዳቤው “እስከ” የሚል ቃል ይኑረው። ምዘናው በነበረችባቸው ወራት ይሰላ። የፈቃዷ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ተተኪው በተራው አስረካቢ ሆኖ ይፈርም። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የሰው ሀብት ክፍሉ አንድ ገጽ እንደገና ቢያሳትም ይበቃል። የወንዶቹ ፈቃድ ሦስት ቀን ብቻ መሆኑ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ አባት ሦስት ቀን ሲጠፋ ርክክብ የሚባል ነገር ስለማይኖር፣ ማስረከብ የእናት ብቻ ዕጣ ሆኖ ይቀራል። እሱን ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

ከዚያ በኋላ፣ አንድ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አንዲት ታናሽ ባልደረባዬ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ፈቃድ ስትወጣ ታዛቢ ሆኜ እንድፈርም ጠራችኝ። አሁን የምሠራበት ቤት ሌላ ነው፤ ቅጹ ግን እንደ መንታ ያንኑ ይመስላል። ዝርዝሩን አነበብን፤ ካቢኔት፣ ላፕቶፕ፣ ሦስት ያላለቁ ውሎች። ከታዛቢው ፊርማ በታች ማስመሪያ አስደግፌ በእስክሪብቶ አንድ መስመር አሰመርኩና “ተረካቢው መልሶ የሚያስረክብበት ቀን” ብዬ ጻፍኩበት። የሰው ሀብቱ ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብሎ ላይ ታች አየው። “እህቴ፣ ይሄ ቅጹ ላይ የለም እኮ” አለ። ልጅቷ አቀርቅራ ቀኑን ሞላችው፤ ታኅሣሥ 10። እሱ የጠረጴዛውን ካላንደር ገልብጦ በጣቱ ቆጠረ።

“እሑድ ላይ ይውላል” አለ።

“እንግዲያ 11 በለው” አለችው። 10ን ሰርዞ 11 አደረገው፤ ስርዙ አጠገብም ፈረመ።